ወደ ግድግዳ የዞረው ሥዕል

ጭምት ሥዕልን የምታውቀው ከጀርባው ነው። ሌላው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ቀለሙን ሲያደንቅ፣ እሷ ሥዕሉን አውርዳ ትገለብጠውና ጨርቁን፣ ምስማሩን፣ እንጨቱን ትመረምራለች። እርጥበት የነካው የት ጋ ነው፣ የላላው ጥግ የትኛው ነው፣ መንገድ ይችላል ወይስ አይችልም፤ ይህን አይታ መፈረም የሙዚየም ሥራዋ ነው። ጭምት የሚለውን ስም ያወጡላት የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ናቸው። ስብሰባ ላይ ቃል ሳይወጣት፣ ቦርሳዋን እንኳ ከጭኗ ሳታወርድ፣ ሊሄድ እንደተነሣ እንግዳ ጥግ ይዛ ስለምትቀመጥ።

በዚያ ሳምንት ለዓመቱ ኤግዚቢሽን የሚሆኑ ሥራዎችን ሊለቅሙ በየከተማው ያሉትን ትንንሽ ሙዚየሞችና የሠዓሊዎች ስቱዲዮ እየዞሩ ነበር። ኃላፊዋ ከፊት፣ ሾፌሩ መሪው ላይ፣ ጭምት ከኋላ፣ በብርድ ልብስ ከተጠቀለሉት ሥዕሎች አጠገብ። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ሥዕሎቹ ትከሻዋን ገፋ ያደርጓታል። በመንገዱ ሁሉ ከዚያ የቀረባት ነገር አልነበረም።

የዚያን ቀኑ ሙዚየም ድሮ ፖስታ ቤት ነበር። ጥበቃው መብራት እያበራ ከፊታቸው ይሄዳል፤ ሲያልፉ ደግሞ ተመልሶ ያጠፋል። ጭምት ወደ ኋላ ዞር ስትል፣ ገና አሁን ዓይን ለዓይን የተያየቻቸው የሥዕል ፊቶች ጨለማ ውስጥ ቀርተዋል።

«ይሄንንማ እኔም ዘይት በቀየርኩ ቁጥር ሸሚዜ ላይ እሠራዋለሁ» አለ ሾፌሩ፣ ጥቁርና ቢጫ የተረጨበት ሸራ ፊት ቆሞ።

«ታዲያ አንተ ሰውዬ፣ እስከዛሬ ለምን አልፈረምክበትም?» አለች ኃላፊዋ።

«ሚስቴ አጥባው ነዋ!»

ሁለቱ ሲሳሳቁ የጭምት ስልክ ጠራ። እናቷ ናቸው።

«የት ደረሳችሁ? በልተሻል?»

«በልቻለሁ እማዬ።»

«ስሚ፣ የኢንጂነሩ ቤተሰቦች እሁድ እንምጣ ወይ ብለው ደውለዋል። ልጁ አንቺን ብሎ ነው እንጂ ሴት አጥቶ አይደለም። ምን ልበላቸው?»

«እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«አንቺ መቼ ነው ሥራ ላይ ያልሆንሽው? ቅዳሜ እደውላለሁ። ዝም ካልሽ እሺ እንዳልሽ ነው የምቆጥረው።»

ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ያዘችው። ቅዳሜ የጉዞው መጨረሻ ነው። የጉዞው መጨረሻ ደግሞ ልቧ ያልረሳው የአንድ ሠዓሊ ከተማ ነው። ፕሮግራሙ የተሰጣት ዕለት አይታው ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም። ዝምታ ቀላል ነው ይላሉ ሰዎች። እሷ ግን የተሸከመችው ነገር ሁሉ ከዝምታዋ የመጣ ነው።

*

ከሠዓሊው ጋር የተዋወቁት ዩኒቨርሲቲ እያሉ ነው። እሱ ሥዕል ያጠናል፣ እሷ ታሪክ። እሱ ከሩቅ ከተማ የመጣ የታፔላ ጻፊ ልጅ ነው፤ እሷ ደግሞ ከሞቱ በኋላም ስማቸው የሚጠራ ሐኪም ልጅ ናት። ሊስላት ፈልጎ የሚበቃ ሸራ ሲያጣ፣ ታላቅ እህቱ ሁለት ጨርቅ አንድ ላይ ሰፍታ ላከችለት። እንጨቱ ላይ ሲወጥሩት እሱ ምስማር መታ፣ እሷ ጨርቁን ጎትታ ያዘች። የታችኛው ጥግ በእሷ እጅ ጠሞ ተጣጠፈ።

«ይፈታና እንደገና ይሠራ» አለችው።

«ይቆይ። ፊርማሽ ነው።»

አንድ ቀን ቤቷ ወሰደችው። እናቷ በሩን ከፈቱና ጣቱ ላይ የደረቀውን ሰማያዊ ቀለም አዩ። «በዚህ ዞረህ በጓሮው ግድግዳ ጀምር፤ መሰላሉ እዚያው አለ» አሉት። ለካ ቤቱን የሚቀባ ሰው የቀጠሩት ለዚያ ቀን ነበር። እሱ ሳቀ። ሳቀና ጭምትን አያት። «እማዬ፣ እሱ እኮ» ብትል ይበቃ ነበር። አልወጣትም። እሱ በታዘዘበት በኩል ወደ ጓሮ ዞረ፤ በጓሮው በር ወጥቶ ሄደ።

ትምህርቱን ሲጨርስ የአባቱ ዓይን እየደከመ ነበርና ወደ ከተማው ተመለሰ። የእሷን ሥዕልም እንደጀመረው ይዞት ሄደ። ለጥቂት ጊዜ ስለ አየሩ፣ ስለ ሥራው ተደዋወሉ። ያን ቀን ግን አንዳቸውም አላነሡትም። ባለፈው ዓመት ልቧ እንቢ አላትና ፈቃድ ወስዳ፣ ሳትነግረው ወደ ከተማው ሄደች። እሱ አልነበረም። እህቱ ስቱዲዮውን ከፍታላት «ግቢ፣ አሁን ይመጣል» አለቻት።

በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ሁሉ ወደ እሷ ያያሉ። አንዱ ብቻ ጥግ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል። መሐሉ ላይ ስፌት አለው። የታችኛው ጥጉ ጠማማ ነው።

በእነጭምት መጋዘን አንድ ደንብ አለ። ኮሚቴው ያልተቀበለው ሥዕል፣ ባለቤቱ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል። አዙራ የምታቆማቸው ራሷ ጭምት ናት። ባዞረች ቁጥር ሰው ከደጃፏ የመለሰች ይመስላታል። ስለዚህ እዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ማንም ምንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም። ሳትቀመጥ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ሲደውልላት አላነሣችም።

በአፉ «አልፈልግሽም» ቢላት ይሻላት ነበር። ለቃል መልስ አለ፤ ለጀርባ ግን ምን ይመለሳል?

*

ዓርብ ዕለት ከአንድ ጋራዥ በላይ ባለ ሰፊ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ አሮጊት ሠዓሊ ዘንድ ደረሱ። ከታች ብረት ይቀጠቀጣል፤ ከላይ ሴትየዋ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ሰክተው በቀለም ቆርቆሮዎች መሐል እየተሹለከለኩ ወንበር ይፈልጉላቸዋል። ግድግዳው ባዶ ነበር። ሥዕሎቹ በሙሉ መሬት ላይ ተደርድረው ፊታቸውን አዙረዋል።

«እማማ፣ እነዚህ የጣሏቸው ናቸው?» አለች ኃላፊዋ።

«የጣልኩትንማ እሳት ውስጥ ነው የምከተው! ክረምቱን የሚያሞቀኝ ምን መሰለሽ?» ብለው ሳቁ። «እነዚህ የምሳሳላቸው ናቸው። ፊት ለፊቴ ከዋሉ ዓይኔ ይለምዳቸዋል፤ ከለመዳቸው ደግሞ ጉድለታቸው አይታየኝም። ስለዚህ አዞርኳቸዋለሁ። በጣም ሲናፍቁኝ ብቻ ገለጥ አድርጌ እጨምርባቸዋለሁ።»

ጭምት ሳታስበው ተናገረች። «ሠዓሊ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል?»

ኃላፊዋ ዞር ብላ አየቻት። በጉዞው ሁሉ ጭምት ሳትጠየቅ ስትናገር ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ቦታ ያለው ሁሉ ያደርጋል። በተማሪነት የት ተገኝቶ? እርስ በርስ ተደራርበን ነው የምንስለው። የራሱን ክፍል ሲያገኝ ግን መጀመሪያ የሚማረው ይህን ነው።» አሮጊቷ ጠጋ ብለው አዩዋት። «ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ልውጥውጥ አለ?»

«ፀሐዩ ነው እማማ።»

«የምን ፀሐይ? ጥላ ውስጥ እኮ ነን!»

ሥዕል ወደ ጭምት እጅ የሚመጣው ካለቀ በኋላ ነው። እየተሠራ ሳለ እንዴት እንደሚኖር አታውቅም ነበር። ከአሮጊቷ ሥዕሎች አንዱን ገልብጣ ጨርቁን መመርመር ጀመረች፤ ግን የምታየውን አታይም። ያን ጊዜ ትንሽ ብትጠብቀው፣ አንዴ ብትጠይቀው፣ ወይም በገዛ እጇ ብታዞረው ኖሮ! ዓመቱን ሙሉ ያለቀሰችው ለካ አንድ ሰው በእሷ ናፍቆት ውስጥ ሳለ ነው።

*

ቅዳሜ ወደ እሱ ከተማ ሲገቡ በየሱቁ በር ላይ ያሉትን ጽሑፎች አወቀቻቸው። የአባቱ እጅ ናቸው። ክብ ክብ ያሉ፣ እግራቸው ረዘም ያለ ፊደሎች። ፀሐይ በልቷቸው ደብዝዘዋል፤ አዳሽ የላቸውም።

ስቱዲዮው ከእህቱ የልብስ ስፌት ክፍል ጀርባ ነው። እህቱ መርፌ በከንፈሯ ነክሳ ጨርቅ ትለካለች። ጭምትን ስታይ መርፌዎቹን አንድ በአንድ አወጣች።

«ዛሬስ ትቀመጫለሽ? ወይስ እንደ አምናው ቆመሽ ልትሄጂ ነው?»

ይህን ስትል ስቱዲዮውን የሚለየውን መጋረጃ ገልጦ እሱ ወጣ። ከስቷል። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ኃላፊዋን ጨበጠ፣ ሾፌሩን ጨበጠ፤ ጭምት ጋ ሲደርስ ዓይኑን ዝቅ አደረገ።

«እንኳን ደህና መጡ» አላት።

እንደ ማንኛዋም የመንግሥት እንግዳ። እጁ ግን እጇ ውስጥ ትንሽ ቆየ፤ ወይም ለእሷ እንዲያ መሰላት።

ሥዕሎቹን አሳያቸው። አባቱ በመዳሰስ ብሩሽ ሲያጥቡ፣ እህቱ በመስኮት ብርሃን ክር ስታስገባ፣ የደበዘዙ ታፔላዎች ያሉበት መንገድ። ኃላፊዋ ሁለቱን መረጠች። ጭምት ገልብጣ እየመረመረች፣ ጥጉ ወዳለበት አቅጣጫ ላለማየት ትታገላለች። ሥዕሉ እዚያው ነው። ስፌቱም፣ ጠማማው ጥግም።

«ያኛውስ?» አለች ኃላፊዋ።

ሠዓሊው እጁን የጠረገበትን ጨርቅ አስቀመጠ። ከዚያ ሄዶ አዞረው።

ጭምት ናት፤ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ እሷ መስተዋት ውስጥ አይታው የማታውቀው ፊት ነው፤ ሊናገር ጥቂት የቀረው። ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው። አንድ እግሯ ከወንበሩ ፈንጠር ብሎ ለመነሣት መሬት ረግጧል። እጆቿ ግን የሉም። እጆቿ መሆን ያለባቸው ቦታ ተስሎ ተፍቆ፣ ተስሎ ተፍቆ ሸራው ሻክሯል።

«ይሄ ነው!» አለች ኃላፊዋ። «መግቢያው ላይ ነው የምንሰቅለው። እጅ የሌለው መሆኑ ራሱ!»

«ቦርሳውን የት ነው የማውቀው?» አለ ሾፌሩ። ዞር ብሎ የጭምትን ትከሻ አየና አፉን ያዘ።

«አልቋል?» ስትል ኃላፊዋ ጠየቀች።

«እኔ በበኩሌ ጨርሻለሁ» አለ ሠዓሊው፣ ጭምትን ሳያይ። «ከዚህ በላይ አልችልም። ውሰዱት።»

ኃላፊዋ ለጭምት ምልክት ሰጠቻት። መርምሪና ፈርሚ ማለቷ ነው። ጭምት ተንበረከከች። ጀርባውን አየች፤ ጠማማውን ጥግ ዳሰሰች። ጨርቁ ጠንካራ ነው። እርጥበት የለውም። ምንም የሚያስቀር ነገር የለም። ከፈረመች ሥዕሉ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይሄዳል፤ ግድግዳው ባዶ ይሆናል፤ እሱም የሚናፍቀው ነገር አይኖረውም።

ጭምት ተነሣች። «አይሄድም» አለች።

«ምነው? እርጥበት ነው?»

«አይደለም።»

«ምስማሩ ዝጓል?»

«ምስማሩ ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«አላለቀም።»

«ባለቤቱ አለቀ እያለ? አንቺ ልጅ፣ ይህን የምትወስኚው አንቺ ማን ነሽና?»

የጭምት ድምፅ በዚህ ጊዜ ወጣ። «የተሳልኩት እኔ ነኝ።»

ከመጋረጃው ወዲያ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

ኃላፊዋ ሥዕሉን አየች፣ ጭምትን አየች፣ እንደገና ሥዕሉን። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። «በል አንተ ሰውዬ፣ የከተማውን ሙዚየም ሥዕሎች እንጫን።»

«እኔማ ቦርሳውን ሳየው ጠርጥሬ ነበር» አለ ሾፌሩ።

«ውጣ አልኩህ!»

*

ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ክፍሉ የሰፋ መሰለ።

«አምና መጥቼ ነበር» አለች።

«እህቴ ነግራኛለች። ሥዕሉ ፊት ቆማ ቆማ ሄደች አለችኝ። አዙረሽ ያየሽው መሰለኝ። ቦርሳ አሲዤ ስለሳልኩሽ የተቀየምሽ።»

«አላዞርኩትም።»

«አላየሽውም?»

«ጀርባውን ነው ያየሁት። እኛ መጋዘን ውስጥ የማይፈለገውን ነው የምናዞረው። ትናንት ነው ሌላ መሆኑን የሰማሁት።»

እሱ የቀለም ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። «ዓይኔ እንዳይለምድሽ ነበር ያዞርኩሽ» አለ። ብቻቸውን ከቀሩ ጀምሮ ከእርስዎ ወደ አንቺ መመለሱን ራሱም ያስተዋለ አይመስልም። «እጆችሽ አልሆን አሉኝ። ቦርሳውን ለመቀመጥ የያዙት ይሁን ለመነሣት፣ ሊገባኝ አልቻለም። አንቺ ሁልጊዜ ልትሄጂ ነበር የምትመስዪው።»

«ያን ቀን ለእናቴ መናገር ነበረብኝ።»

«ምን ብለሽ?»

«ቀለም ቀቢው አይደለም፤ የእኔ ነው ብዬ።»

ሊስቅ ሞከረ። «ትንሽ ዘገየ እንጂ ጥሩ መልስ ነው።»

ያኔ ስልኳ ጠራ። ጭምት ከየት እንደተደወለ አወቀች። «አንሺው» አላት።

«እማዬ።»

«እህ፣ እሺ ልበላቸው?»

«አይሆንም በያቸው። እሁድ አይምጡ። ኢንጂነሩ ጥሩ ሰው ነው፤ እኔ ግን የምወደው ሌላ ነው። ቤታችን መጥቶ ያውቃል። ቀለም ቀቢ መስሎሽ ወደ ጓሮ የላክሽው ልጅ።»

«ያ ልጅ? ግድግዳውን ሳይቀባ ጠፋ ብዬ ስንት ቀን ሰደብኩት እኮ! ያኔ ምነው ዝም አልሽ?»

«አላውቅም እማዬ። አሁን ግን ዝም አላልኩም።»

«የት ነሽ?»

«ሥራ ላይ። ልቀመጥ ነው።»

«የምን ሥራ ነው ቁጭ ብሎ?» አሉና ድምፃቸው ወረደ። «ስትመጪ እንነጋገራለን።» ስልኩ ተዘጋ። ቁጣ ይሁን ሐዘን አልለየችውም። የሚጠብቃት ቀላል እንዳልሆነ ግን አውቃለች።

ወንበሩ እዚያው መስኮቱ አጠገብ ነበር። ሄዳ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ እንደ ልማዷ ጭኗ ላይ ልታሳርፈው ስትል እጇ ቆመ። መሬት ላይ አስቀመጠችው።

እሱ አያት። «እንዲህ ከሆነማ ሁሉም ነገር ይቀየራል። እግርሽም፣ ትከሻሽም። ከመጀመሪያው መሥራት ነው።»

«ሥራው።»

ብርሃኑ ከመስኮቱ እስኪሸሽ በከሰል ነደፈ። እሷ የከሰሉን ድምፅ ሰማች፤ ከመጋረጃው ወዲያ እንደገና የተነሣውን የስፌት መኪና ሰማች፤ አባቱ ግቢ ውስጥ ግድግዳ እየዳሰሱ ሲራመዱ ሰማች። እሱ ከእነዚህ ድምፆች ርቆ ሊሄድ እንደማይችል ገባት። የእሷ ሥራና እናቷ ደግሞ ከመንገዱ ሌላ ጫፍ ላይ ናቸው። ማንም ምንም ቃል አልገባም።

የመኪናው ጥሩንባ ከውጭ ተነፋ።

«መቼ ትመለሻለሽ?» አላት።

«ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ።» ሥዕሉ ፊት ቆመች። ጭኗ ላይ ሁለት እጆች ገና እንደ ጥላ ታይተዋል፤ ምንም ያልያዙ። «እስከዚያ አትልመደው» አለችና እንጨቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ተኛ ሕፃን በቀስታ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። በሥራዋ ዘመን ሁሉ ሥዕል ስታዞር ልቧ ያልተሰበረው ያን ቀን ብቻ ነው።

*

ከከተማው ወጥተው የአባቱ ፊደሎች ከኋላ ከቀሩ በኋላ ሾፌሩ በመስተዋቱ አያት።

«ቦርሳሽስ?»

ጭምት ጭኗን አየች። ባዶ ነው። ስልኳም እዚያው ውስጥ ነው። አሁን ይሄኔ ከወንበሩ እግር ሥር ብቻውን እየጠራ ይሆናል።

«ልመለስ እንዴ?»

ኃላፊዋ ዞር አላለችም፤ ግን ጆሮዋ እነሱ ጋ እንደሆነ ያስታውቃል።

«አይ ጋሼ። ይቆይልኝ።»

ከአጠገቧ፣ ሥዕሉ ሊጫንበት የነበረው ቦታ ክፍት ነው። የተዘጋጀለትን ብርድ ልብስ አጣጥፋ እዚያው አኖረችው። መኪናው ሲንገጫገጭ በዚያ በኩል ትከሻዋን የሚነካ የለም። እጆቿን የምታደርግበት ጠፋት። አንዱን በአንዱ ላይ ጫነች፣ መልሳ ለየቻቸው፤ በመጨረሻ እሱ እንደነደፋቸው አድርጋ፣ ክፍት አድርጋ ጭኗ ላይ ተወቻቸው።